ካፓሲተር ለመኪና ድምፅ ሥርዓት ያለው ጥቅምና ወሰኑ

ኃይለኛ የድምፅ ማጉያ በተገጠመበት መኪና ውስጥ የቤዝ ምት በመጣ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ሲል ይታያል። ለዚህ በተለምዶ የሚታዘዘው መፍትሔ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከማጉያው አጠገብ በትይዩ ማገናኘት ነው። (ከፍተኛ ድግግሞሽን ለመለየት በትንንሽ ድምፅ ማውጫዎች ላይ የሚገቡት ካፓሲተሮች ተግባራቸው ሌላ፣ ጥቅማቸውም የማያከራክር በመሆኑ እዚህ አይነሡም።) መፍትሔው ግን ብዙውን ጊዜ የችግሩን ምንጭ አይነካም።

ካፓሲተር የሚያከማቸው ጉልበት የአቅሙ ግማሽ በቮልቴጁ ስኩዌር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። የ1 ፋራድ ካፓሲተር ቮልቴጅ ከ14 ወደ 13 ሲወርድ የሚለቀቀው 13.5 ጁል ብቻ ነው፤ ከመስመሩ 1000 ዋት የሚስብ ማጉያ ይህን በ13.5 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋል። የ40 ኸርዝ ቤዝ አንድ ዑደት 25 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ፣ ክምችቱ ለአንድ ዑደት እንኳ አይዘልቅም። በአንጻሩ ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ2.5 ሚሊዮን ጁል በላይ ይይዛል።

ታዲያ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል? ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ቮልቴጁን 14 ገደማ ላይ ያቆየዋል። ጭነቱ ከዲናሞው አቅም ሲያልፍ ባትሪው ማገዝ ይጀምራል፤ ቮልቴጁም ወደ ባትሪው ደረጃ፣ ወደ 12.6 ወይም ከዚያ በታች፣ ይወርዳል። ካፓሲተር ኃይል አያመነጭም፤ የሰጠውን መልሶ የሚሞላው ከዚያው ከደከመው ዲናሞ ነው። መልሶ በሚሞላበት ጊዜም እርሱ ራሱ ተጨማሪ ጭነት ይሆናል።

ጥቅሙ የሚታየው በረጅም ኬብል ላይ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ኬብል ሬዚስታንሱ 3.4 ሚሊ ኦም ያህል ነው፤ 80 አምፒር ሲያልፍበት 0.27 ቮልት ይጠፋል። የመጋጠሚያዎችና የፊውዝ ኪሳራ፣ ድንገተኛ ጅረትን የሚያዘገየው የኬብሉ ኢንዳክታንስም ይታከልበታል። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ አነስተኛ የሆነ ካፓሲተር፣ በአጭር ሽቦ ከማጉያው ጋር ከተያያዘ፣ ይህን ቅጽበታዊ መዋዠቅ ያለዝባል። ሆኖም ባለ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል የሽቦውን ኪሳራ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ማጉያውም በመግቢያው ላይ የራሱ ካፓሲተሮች አሉት።

ስለዚህ ከግዢ በፊት መለካት ይገባል። በቤዝ ምት ወቅት የባትሪውና የማጉያው መግቢያ ቮልቴጅ በኦሲሎስኮፕ በአንድነት ይታይ፤ ተራ ዲጂታል መለኪያ ለዚህ ቀርፋፋ ነው። ሁለቱም ከወረዱ ጉድለቱ ከዲናሞው ወይም ከባትሪው ነው፤ የማጉያው ብቻ ከወረደ ኬብሉ፣ መጋጠሚያው ወይም የሻንሲው ግንኙነት ይመርመር። ካፓሲተር የሚገጠም ከሆነም አስቀድሞ በሬዚስተር ወይም በአምፖል በኩል ቀስ ተብሎ መሞላት አለበት፤ ባዶውን በቀጥታ ቢገናኝ በመጀመሪያው ቅጽበት እንደ ሾርት ሰርኪት ሆኖ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ፊውዝም ሊያቃጥል ይችላል።