ያልታዘዘ ሲግናል፦ የሬዲዮ ኃይል ማጉያዎች መረጋጋት ከቫኪዩም ቲዩብ እስከ 5ጂ

በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክራፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማውን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የማያውቅ የለም። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባል፣ ይጎላል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ማንም ሳይናገር መሣሪያው በራሱ ይጮኻል። በሞባይል ማማ ላይ ያለ የኃይል ማጉያም እንዲሁ ሊጮኽ ይችላል፤ ጆሮ ግን አይሰማውም። ማንም ያላዘዘውን ሲግናል ወደ አየር ይረጫል፣ የሌላውን መስመር ይረብሻል፣ አንዳንዴም ትራንዚስተሩን አቃጥሎት ያርፋል። ይህን ለመግታት የተደረገው ጥረት በትራንዚስተር ዘመን የተጀመረ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቫኪዩም ቲዩብ ውስጥ በመግቢያው (ግሪድ) እና በመውጫው (ፕሌት) መካከል ጥቂት ፒኮፋራድ የምትሆን ካፓሲታንስ አለች። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ሲግናል ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰው በእሷ በኩል ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ሃዘልታይን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ ዛሬም ያስደንቀኛል፦ የሚመለሰውን ማገድ ካልተቻለ፣ በመጠን እኩል በምልክት ተቃራኒ የሆነ ሌላ ሲግናል በትንሽ ካፓሲተር ሰድዶ ሁለቱን ማጣፋት። ኒውትሮዳይን የተባሉት ሬዲዮኖች በዚህ ዘዴ ሠሩ። በ1932 መሐንዲሱ ሃሪ ናይክዊስት ፊድባክ (ወደ መግቢያው የሚመለስ ሲግናል) ያለበት ማጉያ መቼ እንደሚረጋጋና መቼ እንደማይረጋጋ የሚለይ የሂሳብ መስፈርት አወጣ።

ትራንዚስተር በ1947 መጣ፤ ያቺ ካፓሲታንስም መልኳን ቀይራ አብራ መጣች። በ1962 ሮሌት ያሳተመው ጽሑፍ ለመሐንዲሶች አንድ ቁጥር ሰጣቸው፤ ኬ ይባላል። ኬ ከአንድ ከበለጠና አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ከተሟላ፣ በመግቢያና በመውጫው ምንም ዓይነት ኃይል የማያመነጭ ጭነት ቢደረግ ማጉያው አይጮኽም። ቁጥሩን ለማስላት የሚያስፈልገው ልኬትም በዚያው አሥር ዓመት ቀለለ። ቀድሞ መውጫውን በአጭር ዙር (ሾርት) ዘግቶ መለካት ግድ ነበር፤ ያ መዝጋት ራሱ ትራንዚስተሩን ሊያስጮኸው ይችላል። ኤስ ፓራሜትር የተባለው ልኬት ግን ሁለቱንም ጫፍ በ50 ኦም ይዘጋል። በ1992 ኤድዋርድስና ሲንስኪ ሁለቱን ሁኔታዎች ወደ አንድ ጠቅልለው ሙ የተባለውን መለኪያ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ነገሩ ያለቀለት መሰላቸው። ዛሬም ኬን ብቻ አይተው ንድፉን የሚዘጉ አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቀመሩ የሚሠራው ከውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ሌላ መጮኽ ከሌለ ብቻ ነው፤ ይህንን ፕላትዝከርና ባልደረቦቹ በ1993 በግልጽ አስታወሱ። ኃይል ለማብዛት ሁለት ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ምን እንደሚሆን እንመልከት። አንደኛው ሲወጣ ሌላው እየወረደ እርስ በርስ ሊጫወቱ ይችላሉ። በጋራ መውጫቸው ላይ ሁለቱ ሲግናሎች ስለሚጠፋፉ፣ ከውጭ ሆኖ ኬን የሚያሰላው ሰው አንዳች አያይም። መድኃኒቱ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፦ በሁለቱ ትራንዚስተሮች መግቢያዎች (ጌቶች) መካከል አንድ ሬዚስተር ይደረጋል። ሥራቸውን በትክክል ሲሠሩ የሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች እኩል ቮልቴጅ ስለሚኖራቸው ምንም ከረንት አያልፍበትም፣ ኃይልም አይባክንም። እርስ በርስ መቃረን ሲጀምሩ ግን ከረንቱ በእሱ ያልፋል፤ ጉልበታቸውንም ወደ ሙቀት ለውጦ ይጨርሰዋል። በዚህ ሙያ ከዚህ የተዋበ ነገር ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው የተደበቀ መጮኽ ኃይሉ ሲጨምር የሚገለጠው ነው። በትንሽ ሲግናል ጸጥ ያለ ማጉያ፣ ግፊቱ ሲያይል በግማሽ ፍሪኩዌንሲ ላይ መጮኽ ሊጀምር ይችላል፤ ምክንያቱም የትራንዚስተሩ ካፓሲታንስ ከቮልቴጁ ጋር አብሮ ይዋዥቃል። ኬ የትንሽ ሲግናል ቁጥር ስለሆነ ይህን አይነግረንም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የስፔን ባስክ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ዘዴ እዚህ ላይ ጠቃሚ ሆኗል፦ በሙሉ ኃይል እየሠራ ባለ ማጉያ ሲሙሌሽን ውስጥ እጅግ ትንሽ ከረንት ይጨመርና ከሚገኘው ምላሽ የሰርኪዩቱ ፖሎች (ንዝረቱ እየጠፋ ወይም እያደገ መሄዱን የሚያሳዩ የሂሳብ ነጥቦች) ይለያሉ። አንዱ ነጥብ ወደ ሂሳባዊው ሜዳ የቀኝ ግማሽ ካለፈ ማጉያው ይጮኻል።

በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር ችግሩን ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ወሰደው። እነዚህ ትራንዚስተሮች በጥቂት ጊጋኸርዝ እንዲሠሩ ቢታሰቡም፣ በጥቂት ሜጋኸርዝ ላይ የማጉላት አቅማቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ጭነቱን የሚወስነው አንቴናው ሳይሆን ኃይል የሚያመጣው መስመርና ካፓሲተሮቹ ናቸው። ስለዚህ በጌቱ ላይ በተከታታይ ሬዚስተር፣ ከእሱ ጎንም ትንሽ ካፓሲተር ይደረጋል፦ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ በካፓሲተሩ አቋርጦ ያልፋል፣ ዝቅተኛው ሬዚስተሩ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱን ያጣል። ይህ ሁለት ፍሬ ዕቃ ከመጀመሪያው ቢቀመጥ ርካሽ ነው፤ ቦርዱ ከታተመ በኋላ ግን ቦታ አይገኝለትም።

በ5ጂ የአንቴና ሰሌዳ ላይ 64 ማጉያዎች ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። ድሮ ከእያንዳንዱ ማጉያ ኋላ ተቀምጦ የተመለሰውን ኃይል ይውጥ የነበረው አይሶሌተር እዚህ ሁልጊዜ ቦታና በጀት አያገኝም። ጎረቤት አንቴና የሚያፈስሰው ኃይል በማጉያው መውጫ ተመልሶ ይገባል፤ ጨረሩ አቅጣጫ ሲቀይር ማጉያው የሚያየው ጭነትም ይቀየራል።

ከዚህ በላይ በሚሊሜትር ሞገድ፣ በሲሞስ ቺፕ ላይ የሃዘልታይን ሐሳብ ተመልሶ መጥቷል። በተቃራኒ ምልክት የሚሠሩ ጥንድ ትራንዚስተሮች ሲኖሩ ተቃራኒው ሲግናል አስቀድሞ በእጅ አለ፤ ሁለት ካፓሲተሮችን በመስቀለኛ ማገናኘት ይበቃል። ሆኖም መጠናቸው በፌምቶፋራድ ስለሚለካ ፋብሪካው ትንሽ ሲዛነፍ ማጣፋቱ ይጎድላል፤ ወይም ከልክ ያልፍና ራሱ የሚያስጮኽ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቁቅ ነዳፊዎች ካፓሲተሩን ራሱን ከትራንዚስተር ይሠሩታል፤ ፋብሪካው አንዱን ሲያዛንፍ ሌላውንም በዚያው ልክ እንዲያዛንፈው።