ውሻን በሕመም ወይስ በሽልማት? የናይሮቢ ሠራተኛ ውሾችና የሥልጠናቸው ሒሳብ

በናይሮቢ ብዙ ውሾች ሥራ አላቸው። በትልልቅ የገበያ ማዕከላትና ሆቴሎች በር ላይ የሚገባውን መኪና እየዞሩ ያሸታሉ። በካረንና በላቪንግተን ግቢዎች ከዘበኛ ጋር ያድራሉ። በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የተደበቀ የዝሆን ጥርስ ይፈልጋሉ። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ፣ ከካጂያዶ እስከ ላይኪፒያ፣ የበግና የፍየል መንጋ ይከተላሉ። እነዚህ ውሾች እንዴት ይሠልጥኑ በሚለው ላይ ግን አሠልጣኞች ለሁለት ተከፍለዋል።

አንደኛው ወገን "ማረሚያ" በሚባሉ መሣሪያዎች ያምናል፦ ሲጎተት አንገት የሚያጠብቅ ሰንሰለት፣ ወደ ውስጥ የዞሩ ጥርሶች ያሉት ማሰሪያ፣ በሪሞት የሚነዝር የኤሌክትሪክ ማሰሪያ። ውሻው ሲያጠፋ ያመዋል፤ ሕመሙን ለመሸሽ ጥፋቱን ይተዋል። ሌላው ወገን ውሻው ትክክለኛውን ሲሠራ ወዲያው ሽልማት ይሰጠዋል፦ ቁራሽ ሥጋ፣ ኳስ ወይም ጨዋታ። ሲያጠፋ ሽልማቱ ይቀርበታል፣ ወይም ጥፋቱን ለመፈጸም ዕድል እንዳያገኝ በገመድ ይያዛል። ለአርቢና ለነጋዴ ጥያቄው ከርኅራኄም በላይ የገንዘብ ነው፦ የትኛው ያዋጣል?

ለኳስ የሚሠራው ፈታሽ

የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ውሾች የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የፓንጎሊን ቅርፊት በማሽተት ይለያሉ። የአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽን ውሾቹንና ያዦቻቸውን ያሠለጠነው በታንዛኒያ አሩሻ አቅራቢያ በኡሳ ሪቨር ነው። ውሻው ሽታውን አግኝቶ ሲጠቁም የሚከፈለው አሻንጉሊትና ጨዋታ ነው። ምክንያቱ የሥራው ጠባይ ነው። ውሻው ሊያገኝ የሚፈለገውን ነገር ሰው አያየውም፤ ስለዚህ "ፈልግ" ብሎ ማስገደድ አይቻልም። ስህተትን የሚፈራ ውሻ ደግሞ ከመጠቆም ዝምታን ሊመርጥ ይችላል። አንድ ያመለጠ ሻንጣ ከብዙ ኳሶች ይበልጣል።

የግቢ ጠባቂው

በጥበቃው ዘርፍ ሁኔታው ይለያል። ዘበኞች በፈረቃ ስለሚቀያየሩ አንድ ውሻ ብዙ ያዦች ይኖሩታል። የማረሚያ መሣሪያ ደግሞ ውጤቱ በጊዜ አጠባበቅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለት ሰከንድ የዘገየ ንዝረት ውሻው ከጥፋቱ ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ካየው ነገር ጋር ያያይዘዋል፦ ከሕፃን፣ ከጎረቤት ወይም ከዘበኛው ራሱ ጋር። የእንስሳት ባሕርይ ባለሙያዎች በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻም ማጉረምረሙን ብቻ ትቶ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል ብለው ያሳስባሉ።

በፖርቱጋል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከ7 ማሠልጠኛዎች የመጡ 92 ውሾችን አነጻጽሯል። በማረሚያ የሠለጠኑት ይበልጥ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል፤ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞንም ከሥልጠና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ጨምሮ ተገኝቷል።

ክርክሩ የሚከርበት ቦታ፦ በግ የሚያባርር ውሻ

የማረሚያ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ ከብት አርቢውን በቀጥታ ይነካል። ውሻ በግ ሲያባርር ንክሻው ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ያረገዘች በግ ልትጨነግፍ፣ መንጋው ገደል ሊገባ ይችላል። ለውሻ ደግሞ ማባረሩ ራሱ ሽልማት ነው፤ ከቁራሽ ሥጋ ይበልጥበታል።

ጥናቶቹም አንድ ቃል አይናገሩም። የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሲጠሩ የማይመለሱ 63 ውሾች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለአምስት ቀን ሠልጥነዋል። በሽልማት የሠለጠኑት ትእዛዝ ሳይደጋገምላቸው በፍጥነት ታዘዋል፤ የኤሌክትሪክ ማሰሪያው ብልጫ አላሳየም። በሌላ በኩል የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት የ19 ውሾች ጥናት፣ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ የተደረገላቸው ሁሉ በሁለት የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ውስጥ በፍጥነት የሚጎተተውን ማታለያ ማባረር አቁመዋል። በምግብ ከሠለጠኑት አንድም አላቆመም። ተቺዎች በምግብ የሠለጠኑት በቂ ጊዜና ዘዴ አላገኙም ሲሉ ይሞግታሉ፤ የፕላስቲክ ማታለያም በግ አይደለም።

ሕግ አውጪዎችም አልተስማሙም። ዌልስ የኤሌክትሪክ ማሰሪያን እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላለች። በእንግሊዝ ከፌብሩዋሪ 2024 ይጀምራል የተባለው ክልከላ ግን በተባለበት ቀን ሥራ ላይ አልዋለም።

የመንጋ ውሻ መላ

በምሥራቅ አፍሪካ የግጦሽ ምድር ግን ችግሩን ከምንጩ የሚያደርቅ ሌላ መንገድ አለ። የቡችላ አእምሮ ለአዲስ ነገር ክፍት የሚሆነው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ ከበግና ከፍየል ጋር በበረት ያደገ ቡችላ መንጋውን እንደ ወገኑ ይቆጥራል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የሚሰጣቸው ጠባቂ ውሾች በዚህ መንገድ ያደጉ ናቸው።

ጥቅሙ በኬንያም ተለክቷል። በላይኪፒያና በአካባቢው በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ቀን ቀን የአውሬ ጥቃት ዝቅተኛ የነበረው እረኛና ውሻ አብረዋቸው በሚሄዱ አነስተኛ መንጋዎች ላይ ነው። ሌሊትም ሰውና ውሻ ያሉበት፣ አጥሩ የጠነከረና በሩ ጥቂት የሆነ በረት የተሻለ ተጠብቋል። ውሻው ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንገቱ ላይ ሪሞት ሳይታሰርለት ነው።

ሒሳቡ

የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ወጪ በአንድ ጊዜ የሚታይ ነው፤ የሽልማት ሥልጠና ወጪ ጊዜና ትዕግሥት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ርካሽ የሚመስለው። ያልተጻፈው ወጪ ግን በኋላ ይመጣል። አንድ ንክሻ ማለት የቁስል ሕክምና፣ ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተደጋጋሚ ክትባት፣ የሥራ ቀን መጥፋትና ምናልባትም ካሣ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል እንደሚመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል፤ ኬንያም እስከ 2030 በሽታውን ለማጥፋት ዕቅድ ይዛለች። በፍርሃት ለሥራ የማይበቃ ውሻን መተካትም ከዚሁ ሒሳብ ይገባል።

ሕጉም አለ። የኬንያ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ሕግ፣ ምዕራፍ 360፣ እንስሳን በጭካኔ መምታትን፣ መርገጥንና ማሠቃየትን ወንጀል አድርጓል። ውሻ የሚያከራይ ድርጅት "ማሠልጠኔ ነው" የሚለው መልስ ያድነኛል ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል።

ስለዚህ ለአርቢውም ለጥበቃ ድርጅቱም የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የመንጋ ውሻ በቡችላነቱ ከመንጋው ጋር ይደግ። ሥራውን እስኪለምድ ድረስ በረጅም ገመድ ይያዝ፤ ያላባረረ ውሻ የማባረርን ጣዕም አያውቅም። የግቢ ውሻን ሁሉም ያዦች በአንድ ዓይነት ትእዛዝና ሽልማት ያሠሩት። ክትባቱ በየጊዜው ይታደስ። በግ ማባረር የለመደ አዋቂ ውሻ ቢገጥም ከመንጋው ይለይ፣ በባለሙያም ይታይ። የአሪዞናው ውጤት የሚሠራ ቢሆን እንኳ የተገኘው በሠለጠነ እጅ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ሪሞት ያንን እጅ ይዞ አይመጣም።