ስለ እንዶድ ሐረግ

ከሐዋሳ ከተማ ወጥቶ ወደ ወንዶ ገነት ዳገት የሚያቀና መንገደኛ፣ ማንም ሳይተክለውና ሳይኮተኩተው በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚንጠላጠለውን፣ ዛፍ ሲያገኝም እስከ 10 ሜትር ተደግፎ የሚወጣውን እንዶድ አይቶት ያልፋል እንጂ ቆሞ አይመረምረውም፤ ጽጌው ደቃቅ፣ ነጣ ያለና በዘለላ የተደረደረ ሆኖ ዓይን የሚማርክ ደም ግባት የለውምና። ወንዴውና ሴቴው በየግንዱ ተለይተው ስለሚበቅሉ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ብቻ ነው።

ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ የሚፈለገው ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ቅመም የሚበዛበት ያን ጊዜ ነውና። ደርቆ ሲወቀጥ ብናኙ ወቃጩን ያስነጥሳል፤ ውሃ ሲያገኝም ይኰረፋል። ሳሙና ገበያውን ሳይወርስ የካህናቱ ጥምጥምና የምእመናኑ ነጠላ ለበዓል የሚነጣው በዚሁ አረፋ ነበር።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊመረምሩ ዐድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው፣ ከበላዩ ግን በሕይወት ሳሉ አዩ፤ ያለ ቀንድ አውጣ የበሽታው ትል ዕድገቱን ሊፈጽም አይችልምና ነገሩ ታላቅ ምስጢር ሆኖ ተገኘ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዘመን ደክመውበት በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የዚያን አገር ሐይቆች የወረረውን ዛጎል ለማጥፋት በእንዶድ የመጠቀምን መብት በፓተንት አስመዘገበ፤ እናቶቻችን በየወንዙ ሲሠሩበት የኖሩት ዕውቀት በባዕድ መዝገብ መስፈሩ፣ ሕጉ ቢፈቅደውም፣ ለእኔ ደስ አይለኝም።

ቢልሃርዝያ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከሚዋኙ ልጆችና ከዓሣ አጥማጆች ዘንድም ስላልጠፋ፣ «መድኃኒቱ ከደጅ ሳለ ለምን አንበትነውም?» የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን እንዶድ ቀንድ አውጣን ሲገድል ዓሣንም አይምርም፤ በሐይቁ ዳር ባለው በአሞራ ገደል ያለ አጥማጅ ከቆሮሶና ከአምባዛ የሚያገኘውን እንጀራ ማሳጣት ይሆናል። የሚስማማው ለቦይና ለትንንሽ ጅረት፣ ያውም ባለሙያ መጥኖ ሲያደርገው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አጥርህን ስታጸዳ ይህን ሐረግ ከሥሩ አትንቀለው፤ ፍሬው መርዝ ነውና ልጆች እንዳይቀምሱት ብቻ ተጠንቀቅ።