የጠጅ ማር ዋጋ ከተጣራው ማር ጎን

ባለፈው ኅዳር ነው። ፍኖተ ሰላም በምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የአንድ ሥራ ፈላጊ ሲቪ እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። አጎቴ ናቸው፤ ከቡሬ።

«አያ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ምን መዋል አለ! አንድ ሰው ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ የተጣራውን ማር በጠጅ ማር ዋጋ ካልሸጥክልኝ ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ ባይ ነው። ምንድን ነው የጻፍክብኝ አንተ ልጅ?»

አጎቴ ቡሬ ውስጥ ማርና በርበሬ ይነግዳሉ። ከዚያ በፊት «ዘመኑ የእናንተ ነው፣ እስቲ ለኔም አንድ ነገር ሥራልኝ» ብለውኝ፣ ኮዱን በስልኬ ላይ ጽፌ ቀለል ያለች ድረ ገጽ ሠርቼላቸው ነበር። ያን ዕለት ቶሎ ብዬ በስልኬ ከፈትኳት። ምንም እንከን የላትም። ከላይ የተጣራው ማር ፎቶ፣ ጎኑ ላይ መግለጫውና ዋጋው። ከሥሩ ደግሞ «ለጠጅ የሚሆን» የሚል ርዕስና የራሱ ዋጋ። ለጠጁ ማር ገና ፎቶ አላነሳንለትም ነበር።

«አያ፣ እኔ ጋ ልክ ነው» አልኳቸው።

ይቺን «እኔ ጋ ልክ ነው» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይላታል፤ አንድ ቀንም ያፍርባታል። እኔ ያፈርኩት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ገጿን በቤቱ ኮምፒውተር ስከፍታት የተጣራው ማር ፎቶ ጎን አንድ ሳይሆን ሁለት ዋጋ ቆሟል። «ለጠጅ የሚሆን» የሚለው ርዕስ ሽቅብ ወጥቶ ከፎቶው አጠገብ ተለጥፏል። ያየ ሰው ሁሉ «ይኸ ማር ለጠጅ ከወሰዱት በዚህ ዋጋ ነው» ብሎ ያነበዋል። ሰውየው ጠጅ ቤት አለው፤ ገጿን ያያት በኮምፒውተር ነው።

ለአጎቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያ ሰውየው አልዋሸም። የተጻፈውን ነው ያነበበው» ብለው የመጣበትን ያህል በጠጁ ዋጋ ሸጡለት። ስንት እንደከሰሩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ከዚያ ቀን በፊት የገጽ አቀማመጥ ለኔ የውበት ጉዳይ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። አንድ ቁጥር ከቦታው ሲንሸራተት ትርጉሙ ይለወጣል፤ ቃል የሰጠው ሰው ደግሞ ኮዱን የጻፈው ሳይሆን ስሙ ከላይ ያለው ነው። ስለዚህ የኔን ስህተትና ሌሎች ተደጋጋሚ ስህተቶችን ከነመፍትሔያቸው ላካፍላችሁ። ትእዛዞቹን በፊደላችን እንደሚነገሩት ነው የምጽፋቸው።

ፍሎት፦ ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ

የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፈው በኤችቲኤምኤል ነው። ምን የት ይቀመጥ፣ ምን ያህል ይራራቅ፣ ምን ቀለም ይኑረው የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሲኤስኤስ ነው። ሐሳቡን ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለው ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1994 አቀረበ፤ የመጀመሪያው ደረጃም በታኅሣሥ 1996 (እ.ኤ.አ.) ጸደቀ። ፍሎት ያኔውኑ ነበረ። የተፈጠረው ለአንድ ቀላል ሥራ ነው፦ ፎቶን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አስጠግቶ ጽሑፉ በጎኑ እንዲፈስ ማድረግ፤ ልክ ጋዜጣ ላይ እንደምናየው።

ብር ወንዝ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ሲኖር ውኃው ምን ያደርጋል? አይቆምም፤ ዞሮ ያልፋል። ፍሎት የተደረገ ፎቶ ድንጋዩ ነው፤ ጽሑፉ ውኃው። ችግሩ፣ ውኃው የማን እንደሆነ ድንጋዩ አይጠይቅም። የተጣራው ማር ጽሑፍ ቶሎ ካለቀ፣ ቀጥሎ ያለው የጠጁ ማር ጽሑፍ መጥቶ ክፍቱን ቦታ ይሞላል።

በስልኬ ጠባብ ስክሪን ላይ የመጀመሪያው መግለጫ ተሰባብሮ ብዙ መስመር ስለሚሆን ከፎቶው ቁመት ያልፍ ነበር። ስለዚህ የጠጁ ማር በተፈጥሮው ከፎቶው በታች ይጀምራል። በሰፊው የኮምፒውተር ስክሪን ግን መግለጫው በሁለት መስመር አለቀ። ፎቶው ጎን ባዶ ቦታ ተረፈ፤ የጠጁ ማርም ገባበት። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ «ክሊር፦ ቦዝ» ብትሰጡት፣ «ከላይ ያለው ፎቶ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ጀምር» ማለት ነው። ፎቶው የተደገፈው በግራ ብቻ ከሆነ «ክሊር፦ ሌፍት» ይበቃል።

የዚህ ችግር ወንድም ደግሞ አለ። ፎቶዎቹን በአንድ ሳጥን ከታችሁ ለሳጥኑ የጀርባ ቀለም ትሰጣላችሁ። ፎቶዎቹን ሁሉ ፍሎት ስታደርጓቸው ሳጥኑ ኩምትር ብሎ ይጠፋል። ለምን? ሳጥኑ ቁመቱን ሲለካ ፍሎት የሆኑ ልጆቹን አይቆጥርም። ልጆቹ ሁሉ ለሥራ ወጥተው እንደቀሩበት የገጠር ቤት ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው ለቀሩት ልክ ነው።

ለዚህ ሦስት መድኃኒት አለ። በድሮ ኮዶች የምታዩት «ክሊርፊክስ» የሚባለው ነው፤ ከሳጥኑ መጨረሻ ላይ የማይታይ ነገር አስገብቶ ክሊር ያደርገዋል። ሁለተኛው «ኦቨርፍሎው፦ ሂድን» ነው። ይሠራል፤ ግን ከሳጥኑ ወጣ ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ ተዘርጋፊ ሜኑን፣ ይቆርጥባችኋል። ሦስተኛውና ንጹሁ «ዲስፕሌይ፦ ፍሎው-ሩት» ነው፤ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ብሮውዘሮች ገብቷል። ለሳጥኑ «ልጆችህን ሁሉ ቁጠር» ይለዋል። እኔ የአጎቴን ገጽ ያስተካከልኩት እያንዳንዱን ዕቃ በዚህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ነው። አሁን የአንዱ ፎቶ የሌላውን ዋጋ አይነካም።

ሁለተኛው ዓምድ ለምን ይወድቃል?

ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ለእያንዳንዳቸው 50 በመቶ ስፋት ትሰጣላችሁ፤ ሁለተኛው ወደ ታች ይወድቃል። ሃምሳና ሃምሳ መቶ አይደል እንዴ? ነው፤ ግን ሒሳቡ ያ ብቻ አይደለም።

ስክሪኑ 360 ፒክስል ነው እንበል። ግማሹ 180 ነው። በየሳጥኑ ውስጥ ግራና ቀኝ 10፣ 10 ፒክስል ፓዲንግ፣ ዙሪያውን 1 ፒክስል ቦርደር ካላችሁ፣ ሲኤስኤስ እነዚህን ከ180 ላይ ይደምራቸዋል። አንዱ ሳጥን 202 ይሆናል፤ ሁለቱ 404። 360 ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ይወርዳል። «ቦክስ-ሳይዚንግ፦ ቦርደር-ቦክስ» ብትሉት ፓዲንጉና ቦርደሩ ከ180ው ውስጥ ይቀነሳሉ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህን በገጹ መጀመሪያ ለሁሉም ነገር መስጠት ዛሬ የተለመደ ነው።

ተጠንቀቁ፤ ማርጂን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ግራና ቀኝ 5፣ 5 ፒክስል ማርጂን ከጨመራችሁ አንዱ ሳጥን እንደገና 190 ቦታ ይፈልጋል፤ ሁለቱ 380። ስለዚህ ስፋቱን «ካልክ» በሚባለው ማስያ «50 በመቶ ሲቀነስ 10 ፒክስል» አድርጉት። ከሳጥኖቹ አንዱ የግድ ከስክሪኑ ከሰፋ ደግሞ ገጹ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። ስልክ ላይ ከዚህ የሚያናድድ ነገር የለም። ለፎቶዎች «ማክስ-ዊድዝ፦ 100 በመቶ» መስጠት አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል።

ማርጂን፦ የሁለት ማሳ ድንበር

ማርጂን ሳጥን ከጎረቤቱ የሚርቅበት ክፍት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚያስለቅስ ነገር አለ። ከላይ ላለው አንቀጽ ከሥሩ 24 ፒክስል፣ ከታች ላለው ከራሱ በላይ 16 ፒክስል ትሰጣላችሁ። 40 ትጠብቃላችሁ፤ 24 ብቻ ታገኛላችሁ።

ይኸ የገባኝ አጎቴ ገጠር ካለችው የበቆሎ ማሳቸው ወስደውኝ ሳለ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር የሚለያቸው አንዲት ቀጭን የሣር መንገድ ነች። አንዱ «ለበሬዎቼ ማለፊያ አንድ ሜትር ይኑር» ቢል፣ ሌላው «ለኔ ለእግር መንገድ ግማሽ ሜትር ይበቃኛል» ቢል፣ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን አያወጡም። አንድ ሜትር የሆነች አንዲት መንገድ ሁለቱንም ታግባባለች። ሲኤስኤስም እንዲሁ ነው፤ ከላይና ከታች የሚገናኙ ማርጂኖች ተዋህደው ትልቁ ይጸናል። ግራና ቀኝ ግን አይዋሃዱም። ፍሎት የሆኑ ሳጥኖች ማርጂንም አይዋሃድም፤ በፍሌክስቦክስና በግሪድ ውስጥ ያሉትም እንዲሁ።

ሌላም አለ። በሳጥን ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ርዕስ የላይ ማርጂን ከሳጥኑ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣና ሳጥኑን በሙሉ ወደ ታች ይገፋዋል። ርዕሱን ልታወርዱ ብላችሁ ሳጥኑን አወረዳችሁ። ለሳጥኑ ትንሽ የላይ ፓዲንግ ብትሰጡት፣ ወይም ያንኑ ፍሎው-ሩት ብትጠቀሙ ያቆመዋል።

ሳጥንን መሐል ማድረግ ከፈለጋችሁ ስፋት ስጡትና የግራና የቀኝ ማርጂኑን «ኦቶ» በሉት። ስፋት ከሌለው ሳጥኑ ሙሉውን ቦታ ስለሚይዝ መሐል የሚባል ነገር የለም። ፍሎት የሆነን ሳጥን ደግሞ ኦቶ ማርጂን መሐል አያመጣውም። በገጻችሁ ዙሪያ ያላዘዛችሁት ቀጭን ነጭ ጠርዝ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ብሮውዘሩ ለ«ቦዲ» በራሱ የሚሰጠው 8 ፒክስል ማርጂን ነው። ዜሮ አድርጉት።

አማርኛ ቦታ ይፈልጋል

የእንግሊዝኛ ምሳሌ ገልብጠን አማርኛ ስንሞላበት የሚበላሸው ለምንድን ነው? ቃላችን ረጅም ስለሆነ ነው። «እንዳልተመለሰላቸው» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ በብዙ አጫጭር ቃላት ይለዋል። 360 ፒክስል ስክሪን ላይ 200 ፒክስል ፎቶ ፍሎት ብታደርጉ ለጽሑፉ የሚተርፈው ከ160 በታች ነው፤ በየመስመሩ አንድ ቃል ብቻ እየተንጠለጠለ ይሄዳል። ስለዚህ በጠባብ ስክሪን ላይ «ሚዲያ ኩዌሪ» በሚባለው ፍሎቱን አንሱት፤ ፎቶው ከላይ፣ ጽሑፉ ከሥር ይሁን።

የጥንቶቹ ቁም ጸሐፊዎቻችን ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር። ብራናውን በወስፌ ወግተው፣ ቀለም የሌለው መስመር አስምረው፣ ዓምዱን ለይተው፣ ኅዳጉን ትተው ነው ብዕር የሚያነሱት። ማርጂን ያልነው ነገር በአገራችን ስሙ ኅዳግ ነው። እኔም ከእነሱ አንድ ነገር ወስጃለሁ፦ መጀመሪያ መስመር። ገጽ ሲበላሽብኝ ለሁሉም ነገር 1 ፒክስል ቀይ «አውትላይን» እሰጣለሁ። ቦርደር ቦታ ይወስዳል፤ አውትላይን ግን ምንም ሳይገፋ የየሳጥኑን ዳር ያሳያል። የትኛው ሳጥን እንደኮመተረ፣ የትኛው እንደወጣ ወዲያው ይታያል። ሲስተካከል ቀዩን መስመር አጠፋዋለሁ።

«ለመሆኑ ዛሬ ፍሎት ማን ይጠቀማል?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሙሉ ገጽን በዓምድ ለመክፈል ፍሌክስቦክስና እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በዋና ዋና ብሮውዘሮች የገባው ግሪድ ይሻላሉ። እነሱ ሳይኖሩ ግን ዓለም ለዓመታት ገጹን ሁሉ በፍሎት ሲሠራ ኖሯል፤ የምትረከቡት የድሮ ኮድም በዚያው የተሞላ ነው። ጽሑፍን በፎቶ ዙሪያ ለማፍሰስ ደግሞ ዛሬም መሣሪያው ፍሎት ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጓደኞቼ ሰርተፍኬት ይዘዋል። ደስ ይላል። ግን አቀማመጥ የሚለመደው በማበላሸት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ የተማርኩት እንዲሁ ነው። አንድ የጽሑፍ ፋይል በስልኬ ከፍቼ፣ ያንኑ ፋይል በብሮውዘር እያየሁ፣ አንድ ቁጥር ለውጬ እንደገና ማየት። ኔትወርክ የለም፤ ማርጂኑ ግን ይታዘዛል።

አሁን አንድ ገጽ ሠርቼ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ጊዜ አየዋለሁ፦ ስልኩን አቁሜ፣ ስልኩን አጋድሜ፣ ከዚያ በኮምፒውተር። አንድ መግለጫ አሳጥሬ፣ አንዱን አስረዝሜ፣ አንድ ፎቶ አጥፍቼም እሞክራለሁ። የኔ ስህተት የተደበቀው እዚያ ነበርና።

አጎቴ ገጿን አልተዉአትም። አዲስ ዋጋ ሲያስገቡ ግን ይደውሉልኛል። «ባንተ ስልክ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁም። «ባሕር ዳር ላለው ሰውዬስ እንዴት ይታያል?» ነው የሚሉኝ።