በሥራ ቤት ውስጥ ስለ መግባባት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያው ዘመን ካጋጠሟት ችግሮች አንዱ ከዕድገት የመጣ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርክልን፥ የደቀ መዛሙርት ቍጥር በበዛ ጊዜ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉባቸው አንጐራጐሩ። እህል ጠፋ ተብሎ አልተጻፈም፤ የጎደለው ማን ለማን እንደሚያድል በጋራ የታወቀ ሥርዐት ነበር።

ይህ ነገር በሚያድግ የሥራ ቤት ሁሉ ይደርሳል። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ እስከ 5 ሰው የሚሠራበትን ጥቃቅን፥ ከ6 እስከ 30 የሚሠራበትን አነስተኛ ብሎታል። ከአምስት ወደ ስድስት መሻገር በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ጭማሪ ብቻ ነው።

የሸማኔን ቤት እንመልከት። ሚስት ስትፈትል ባል ሲሸምን በዐይን ይግባባሉ፤ «ጠበቅ ይበል» ቢባል ልኩን እጁ ያውቀዋል። ገበያ ቀንቶት ስድስት ሸማኔ በቀጠረ ጊዜ ግን ያው ቃል ስድስት ትርጕም ያገኛል። አንዱ ማጉን አጥብቆ ይመታል፥ ሌላው ያሳሳዋል። «አምስት ክንድ» ተብሎ ሲታዘዝም ረጅሙ በራሱ ክንድ፥ አጭሩም በራሱ ክንድ ይለካል፤ ሁለቱም አልዋሹም፥ ሸማው ግን አይተካከልም። ለሠርግ የታዘዘው ልብስ ተለያይቶ ሲመለስ ጌታው ሠራተኛውን ሰነፍ ይለዋል፥ ሠራተኛውም ጌታውን ደመወዝ ቈራጭ ይለዋል፤ ማታም ጠቡ ወደ ባልና ሚስት ይዞራል።

መድኃኒቱ ቍጣ አይመስለኝም። በየሰው ክንድ ፈንታ አንድ ሜትር፥ በግድግዳው ላይ ሁሉም በእጁ የዳሰሰው አንድ የናሙና ሸማ፥ ትእዛዝ የሚጻፍበትም አንድ ደብተር ይበቃል። ማለዳ ሥራ ሲከፋፈልም ሰሚው የሰማውን በራሱ አንደበት ይድገመው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ቀለሙን ለመምህሩ መልሶ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍምና፥ ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ደግሞም ሁሉ «እሺ» የሚልበት ቤት ተግባብቷል ማለት አይደለም። የተመረጡት ሰባቱ ዲያቆናት ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ስማቸው የግሪክ ስም ነው፤ ሐዋርያት ያንጐራጐሩትን ዝም ከማሰኘት ይልቅ፥ ሥራውን ለእነርሱ ቅርብ ለሆኑት የሰጡ ይመስላል። በሸማኔው ቤት ግን ማጉ የት ላይ እንደ ሳሳና የት እንደሚበጠስ ከሁሉ በፊት የምታውቀው ፈታይዋ ስትሆን፥ ወደ ማለዳው ምክር የሚጠራት ጌታ ጥቂት ነው።