የውሃ ዳር ወፎችን ለማንሳት መቼ እንውጣ?



ካሜራ ያላቸውም፣ ስልክ ብቻ የያዙም ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ከአማኑኤል በላይ ባለው የጮቄ ደጋና በጣና ዙሪያ ያሉትን ረጅም እግር ወፎች ለማየት የትኛው ወር ይሻላል? መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። እነሱም የውሃው መጠን፣ የወፎቹ ኑሮ እና የእኛ የዒባዳና የትምህርት ጊዜ ናቸው። አንዱን ትተን በሌላው ብቻ ብናቅድ ጉዞው ይበላሻል።

በቅድሚያ ወፎቹን ለሁለት እንክፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ ናቸው። በጠዋት እየጮኸ በመንጋ የሚበረውና ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት አይቢስ፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነው የደጋ ወፍ፣ ባለዘውዱ ጥቁር ክሬን፣ እንዲሁም አገጩ ሥር ነጭ ሎቲ የመሰለ ቆዳ ያለው ትልቁ ክሬን ከእነዚህ ይመደባሉ። ነጠብጣቡ ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ሁለቱ ክሬኖች ደግሞ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ተመዝግበዋል። ሁለተኛዎቹ እንግዶች ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ከመስከረም ጀምሮ ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ግራጫው ክሬንና አብዛኞቹ በጭቃ ላይ የሚለቅሙ ትንንሽ ወፎች የዚህ ወገን ናቸው።

አሁን ወራቱን እንይ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ይበዛል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሰማዩም ይጠቁራል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በክረምት ነዋሪዎቹ ክሬኖች በረግረጉ ሣር ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ሰው ሲጠጋ እናቲቱ ትነሣለች፤ እንቁላሉ ለብርድና ለቁራ ይጋለጣል። ስለዚህ ክረምትን እንተወው።

መስከረምና ጥቅምት ሜዳው በአደይ አበባ የሚያምርበት ጊዜ ነው። ሆኖም ውሃ በየቦታው ስላለ ወፎቹ ይበታተናሉ፤ ሣሩም ረጅም ስለሆነ እግራቸውን ይሸፍናል። ለመልክዓ ምድር ጥሩ ነው፤ ለውሃ ዳር ወፍ ግን ገና ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሰማዩ ይጠራል። ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን ጭቃ ይተዋል፤ ወፎቹም ለመልቀም እዚያ ይሰበሰባሉ። አዝመራው ሲታጨድ ግራጫዎቹ ክሬኖች የወደቀውን እህል ለመልቀም ወደ ማሳው ይወጣሉ፤ ማታ ደግሞ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ አቅጣጫ ያሉት ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል።

በየካቲትና በመጋቢት ውሃው ስለሚያንስ ወፎቹ ይበልጥ ይጨናነቃሉ። ለፎቶ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አቧራና ጭጋግ ይበዛል። በፎገራ በኩል ደግሞ ገበሬው ለመስኖ ውሃውን በሞተር ይስባል። የቀረችው ውሃ ለወፉም፣ ለከብቱም፣ ለሰውም መጠጊያ ናት። ያኔ እኛ ጨምረን ወፎቹን ብናስነሣ የሚያርፉበት ሌላ ቦታ አያገኙም።

ሦስተኛው ጉዳይ የእኛ አቆጣጠር ነው። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዷን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። የ1448 ረመዷን በየካቲት 2019 መጀመሪያ፣ የ1449 ደግሞ በጥር 2020 ሁለተኛ አጋማሽ እንደሚገባ ይጠበቃል። ማለትም ረመዷን ወደ ምርጡ የወፍ ወቅት እየገባ ነው። ለሽርሽር ተብሎ ጾምና ተራዊሕ ከሚጓደል ወሩን ማስቀደም ይሻላል። የሴሚስተሩ ፈተናም ሲታሰብ ለሚቀጥሉት ዓመታት የምንመክረው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለውን ነው።

ለጉዞው ዓርብ ጁሙዓ ሰግዶ መነሣት፣ እሑድ መመለስ ያመቻል። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ፣ ሌላው በብቸናና በሞጣ ያልፋል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ጮቄን መዞር ነው። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት እዚያው ካሉ ሰዎች እናጣራ፤ ካልተመቸ ጉዞውን ማራዘም ነውር የለውም። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ወፍራም ልብስ ይያዝ። ለእህቶች መኝታና መጓጓዣ ቀድሞ ይዘጋጅ። የቀስር ሰላትን ዝርዝር ከኡስታዞች እንጠይቅ።

የቀኑ ሰዓት ከሰላታችን ጋር ይስማማል። ፈጅር ሰግደን ብንወጣ ፀሐይ ስትወጣ ቦታችን ላይ እንሆናለን። ለስላሳው ብርሃን እስከ 3 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው የሩቅ ምስል ይደበዝዛል። ከዐስር በኋላ ብርሃኑ ይመለሳል። ክሬኖቹ ወደ ማደሪያቸው የሚገቡት በመግሪብ ዋዜማ ስለሆነ የምንሰግድበትን ደረቅ ቦታና ውዱእ የምናደርግበትን ውሃ አስቀድመን እናመቻች።

ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ ከመከተል ይሻላል። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ስልክን በርቀት መነጽር ላይ ገጥሞ ማንሳት ይቻላል። ሕይወት ያለውን ነገር ፎቶ ማንሳት ላይ ዑለማእ የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። መቆጠብ የመረጠ ወንድም ወይም እህት መነጽር ይዞ ቢመጣ ከጉዞው የሚጎድልበት ነገር የለም።

የመጨረሻው የአደብ ጉዳይ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በጉዞ ላይ የነበሩ ሶሓቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ወሰዱ፤ እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባዩ ጊዜ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። ያ ትእዛዝ እኛንም ይመለከታል። ወፏ መልቀሟን ትታ አንገቷን ካቀናች ተጠግተናልና ወደ ኋላ እንመለስ። ጎጆ ካየን ሳናነሣ እንለፍ፤ ቦታውንም በማኅበራዊ ሚዲያ አናውጣ። የገበሬውን ማሳ ሳናስፈቅድ አንርገጥ። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክም ይዘን እንመለስ።

አላህ ፍጥረቱን አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን።