የእባብ ፓርክ፦ ለቤተሰብ መዝናኛ፣ ሕይወት ለሚያተርፍ ዕውቀትም መገኛ

በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ለሚወጡ የናይሮቢ ወላጆች ከተማዋ ካሏት አማራጮች አንዱ በብሔራዊ ሙዚየሙ ግቢ የሚገኘው የእባብ ፓርክ ነው። ጎብኚዎች በዚህ ስፍራ ከእባቦች በተጨማሪ አዞዎችን፣ ኤሊዎችንና እንሽላሊቶችን ይመለከታሉ።

ፓርኩ እአአ በ1961 ሲቋቋም ግን ዓላማው መዝናኛ ብቻ አልነበረም። የተሳቢ እንስሳትን እርባታና የእባብ መርዝን ማጥናት ከተመሠረተባቸው ምክንያቶች መካከል ነበሩ።

በምሥራቅ አፍሪካ ተመሳሳይ ስፍራዎች ጥቂት አይደሉም። በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ዋታሙ ውስጥ ባዮ-ኬን የተሰኘው የእባብ ማዕከል አለ። በታንዛኒያ አሩሻ አቅራቢያ የሚገኘው የመሴራኒ የእባብ ፓርክ ደግሞ በእባብ የተነደፉ የአካባቢው ነዋሪዎች የሚታከሙበት ክሊኒክ በማቋቋሙ ይታወቃል። በኢትዮጵያም የአርባ ምንጭ አዞ ራንች ለቆዳቸው የሚረቡ አዞዎችን በቅርብ ለማየት የሚሹ ጎብኚዎችን ይስባል።

ጉዳዩ ቤተሰብን ለምን ይመለከታል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 5.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ። ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ያጣሉ። አካላቸው የሚቆረጥ ወይም ዘላቂ የአካል ጉዳት የሚደርስባቸው ሰዎች ቁጥር ደግሞ ከሟቾቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

ተጎጂዎቹ በአብዛኛው በገጠር የሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሕፃናት ሰውነት አነስተኛ በመሆኑ ተመሳሳይ መጠን ያለው መርዝ ከአዋቂዎች ይልቅ እነርሱን ክፉኛ ይጎዳል።

ከመስታወቱ ማዶ ያለው ትምህርት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው አባባል ፍርሃቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ያሳያል። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ከሚገኙት ከ3 ሺህ በላይ የእባብ ዝርያዎች መካከል መርዛማ የሆኑት 600 ገደማ ብቻ ናቸው።

ለምሳሌ እንቁላል ብቻ የሚመገበው የአፍሪካ እባብ መርዝ የለውም። ሲሰጋ ግን ቅርፊቶቹን እርስ በርስ በማፋተግ እንደ እፉኝት ድምፅ ያሰማል። በመልኩም ስለሚመስላት ብዙ ጊዜ በስህተት ይገደላል።

እፉኝት በተቃራኒው ሰው ሲቀርባት ከመሸሽ ይልቅ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ ፀጥ ማለትን ትመርጣለች። ብዙዎች የሚነደፉትም ሳያዩ ስለሚረግጧት ነው። በመስታወት ውስጥ ያለችውን እፉኝት ከቅጠል ለመለየት ዓይኑ የተቸገረ ልጅ፣ በጨለማ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ መሄድ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከመርዝ የሚገኝ መድኃኒት

የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ከራሱ ከመርዙ ነው። ባለሙያዎች እባቡን ይዘው መርዙን ይሰበስባሉ። ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ለፈረሶች ይወጋል። የፈረሶቹ ሰውነት መርዙን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን ሲያመርት፣ እነዚህ ከደማቸው ተለይተውና ተጣርተው መድኃኒት ይሆናሉ።

ማርከሻው የሚሠራው ለተዘጋጀባቸው የእባብ ዓይነቶችና ለቅርብ ዘመዶቻቸው በመሆኑ፣ ከሌላ አህጉር የመጣ መድኃኒት የአፍሪካን እባብ መርዝ ላያረክስ ይችላል። በመሆኑም የአካባቢውን ዝርያዎች የሚያውቁና የሚይዙ ማዕከላት ለሕክምናው አስፈላጊ ናቸው።

እባብ ቢነድፍ ምን ይደረግ?

የጤና ባለሙያዎች የተነደፈው ሰው እንዲረጋጋ፣ የተነደፈውን አካል እንዳያንቀሳቅስ፣ ቀለበትና አምባሩ እንዲወልቅ፣ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ ይመክራሉ። ቁስሉን መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ ወይም አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። እባቡን ለመያዝ መሞከርም ሌላ ሰው ሊያስነድፍ ይችላል። መርዝ የሚተፋ ኮብራ ዓይን ላይ ከተፋ ደግሞ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ለጉብኝት ሲሄዱ

ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ እንስሳ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባይነኩ ይመረጣል። መስታወቱን መደብደብ እንስሳቱን ያስጨንቃል፤ የፈራን ልጅ እባብ እንዲይዝ ማስገደድም ፍርሃቱን ከማባባስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከሁሉም በላይ ልጆች በሠለጠነ ሰው እጅ የተያዘን እባብ ማየትና በሜዳ ያገኙትን መንካት ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ሊያውቁ ይገባል። በሜዳ እባብ ያየ ልጅ ማድረግ ያለበት ወደ ኋላ ማፈግፈግና አዋቂ መጥራት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍ የሚደርሰውን ሞትና የአካል ጉዳት እአአ እስከ 2030 በግማሽ የመቀነስ ዕቅድ አለው። ለዚህ መድኃኒትና ሆስፒታል የግድ ናቸው። ነገር ግን የተነደፈው ሰው ሆስፒታል በጊዜ መድረሱን የሚወስነው በዚያች ቅጽበት አጠገቡ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው።